ለዋና ኦዲተሩ ሪፖርት

ከመንግሥት ወረቀቶች ሁሉ ምስጋና የሚገባው አንድ ምረጥ ብባል የፌዴራል ዋና ኦዲተርን ዓመታዊ ሪፖርት እመርጣለሁ። ቋንቋው ደረቅ ነው፤ ጉልበቱም ከዚያው ይመጣል። «ሌባ» ብሎ አይጮህም፤ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ከግዥ መመሪያ ውጭ የተፈጸመ ክፍያ፣ ሳይሰበሰብ የቀረ ገቢ እያለ መሥሪያ ቤቱን በስሙ ይጠራል እንጂ። በቅድሚያ ክፍያ ስም ወጥቶ ሳይወራረድ የከረመ ብር ትምህርት ቤት ይሁን መንገድ ማንም በማስረጃ ሊናገር አይችልም። የበጀቱን ጉድለት ለመሙላት ግን መንግሥት ይበደራል፤ ብድሩ ከብሔራዊ ባንክ ሲሆን ደግሞ ዞሮ ገበያ ላይ በዋጋ ይታያል። ያለ ሪፖርቱ የምናየው የመጨረሻውን ብቻ፣ የዋጋ ንረቱን ነበር።

«ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው» የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 ኦዲተሩን መርማሪና ሪፖርት አቅራቢ እንጂ ቀጪ አላደረገውም። እኔ ግን ይህን እንደ ጸጋ አየዋለሁ፦ ከሳሽ ማስረጃ መርጧል ተብሎ ይጠረጠራል፣ ቆጥሮ የሚያስረክብ ግን ለመታመን ይቀርባል። ድክመቱ ያለው ሪፖርቱን ከሚቀበለው ወገን ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ኃላፊዎችን በይፋ መጠየቁ መልካም ነው፤ ያው ግኝት በዓመቱ ሲደገም ግን በማሳሰቢያ ብቻ ማለፍ የለበትም።