ጉልበተኝነት በፊልምና በትምህርት ቤት

በተማሪዎች መካከል ስለሚፈጸም ጉልበተኝነት የሚሠሩ ፊልሞች የወላጆችንም ሆነ የመምህራንን አስተያየት በመቅረጽ ረገድ ያላቸው ድርሻ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ በፊልም የሚታየው ጉልበተኛ በክፍል ውስጥ ከሚገኘው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል መመርመር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው «ካራቴ ኪድ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ወደ ካሊፎርኒያ የመጣ ባይተዋር ወጣት በካራቴ ሠልጣኞች ይደበደባል፤ ከአንድ አዛውንት ጥበቡን ይማራል፤ በመጨረሻም በውድድር ያሸንፋል። የልጆቹ ጭካኔ ከአሠልጣኛቸው የተወረሰ መሆኑን ማሳየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ሆኖም መፍትሔው የተበዳዩ ክንድ ብቻ ሆኖ ቀርቧል፤ የትምህርት ቤቱ መምህራን በመፍትሔው ቦታ የላቸውም።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኖርዌይ ጥናት ያካሄዱት ዳን ኦልቬዩስ ጉልበተኝነትን በሦስት ነገሮች ለይተውታል፤ ይኸውም ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ነው። አቅሙ ያነሰው ልጅ ተደባድቦ ያሸንፋል ብሎ መጠበቅ እንግዲህ የችግሩን ባሕርይ መዘንጋት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ያህል ባለፈው አንድ ወር ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ ተጠቅቷል።

ከአገራችን ሥራዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ የበቃው «ድፍረት» ስለ ጠለፋ የሚተርክ ቢሆንም ለእውነቱ ይበልጥ ይቀርባል። ልጅቱ የምትጠለፈው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ስለሆነ፣ አደጋ በትምህርት ቤቱ አጥር እንደማይወሰን ፊልሙ ያስገነዝባል። ነገር ግን የዘወትር ለከፋና ስድብ እንደ ጠለፋው በችሎት ፊት የሚቀርብ አይደለም።

የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በትክል ድንጋይና በመሰሎቿ፣ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከወላጆቹ እያመላለሰ የሚማርን ልጅ ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። አነጋገሩ ሲያስቅበት፣ ጫማው ሲያሰድበው፣ ስንቁን ታላላቆቹ ሲካፈሉበት ደም አይፈስም፤ ለፊልም የሚሆን ትዕይንትም አይገኝም። ልጁ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ይቀራል፤ በመጨረሻም ወደ አገሩ ይመለሳል። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን «አቋረጠ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች ሲመለሱ፣ በዕድሜ የሚበላለጡ ተማሪዎች በአንድ ክፍል መገናኘታቸው የኃይሉን ልዩነት ሊያሰፋው ይችላል።

ስለዚህ መምህሩ ጡንቸኛውን ብቻ ሲፈልግ ዝምተኛው ያመልጠዋል። የቀሪ መዝገብን በየሳምንቱ መመርመር፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ኑሮ ማወቅ፣ ቆመው የሚስቁትንም ተማሪዎች ማስተማር የመምህሩ ሥራ ነው። ዕቅድ አውጪዎችም ለዚህ ሥራ የሚሆን ጊዜ በመምህሩ የሥራ ድልድል ውስጥ ሊመድቡለት ይገባል።