ወዲህና ወዲያ፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግ ፍችና ስለ ደቡብ ኦሞ ከብት አርቢዎች አካሄድ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚያገኛቸው ሐረጎች አንዱ «ቱ ኤንድ ፍሮ» የሚለው ነው። ፍችውን የጠየቅነው ሁሉ «ወዲህና ወዲያ ማለት ነው» ብሎ ይመልስልናል፤ እኛም ተቀብለን እናልፋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው ሁለቱ ሐረጎች አንድ እንዳይደሉ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ስንናገርና ስንጽፍ «ወዲያና ወዲህ የሚሉ ዘላኖች» ማለታችን ተገቢ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው። ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ በአንድ ቃል ምክንያት መሬት ባዶ ሲባል፥ ባለመሬቱም እንግዳ ሲባል እናያለንና። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የሚል ያልተጨመረበት ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

1. የሐረጉ ታሪክ

«ቱ» ማለት «ወደ» ማለት ነው። «ፍሮ» ግን ዛሬ በእንግሊዝኛ ብቻውን አይነገርም፤ በዚህ ሐረግ ውስጥ ብቻ ቀርቷል ለማለት ይቻላል። ምንጩ የጥንቱ የስካንዲናቪያ ቋንቋ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ «ፍራ» ማለት «ከ» ማለት ነው። ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከዴንማርክና ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ሰሜንና ምሥራቅ ስለ ሰፈሩ፥ ቃላቸው ከአገሬው ቃል ጋራ ተቀላቀለ። «ፍሮ» የሚለውም «ፍሮም» ከሚለው ነባር ቃል ጋራ ዘመድ ሆኖ ጐን ለጐን ኖረ። «ቱ ኤንድ ፍሮ» በ14ኛው መቶ ዓመት ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ሐረጉ ቃል በቃል ሲተረጐም «ወደና ከ» ማለት ነው።

ወደ ምን? ከምንስ? ሐረጉ አይናገርም፤ ነገር ግን አንድ የታወቀ ቦታ እንዳለ ያስባል። ተጓዡ ወደዚያ ይሄዳል፥ ከዚያም ይለያል፥ እንደ ገናም ወደዚያ ይሄዳል። እንቅስቃሴው የሚለካው በዚያ በአንዱ ቦታ ነው።

ይህች «ፍሮ» የምትባል ቃል በእንግሊዝኛ መልካም ስም አላገኘችም። ከእርስዋ የተወለደ «ፍሮዋርድ» የሚባል ቃል አለ፤ መነሻው «ዞር ያለ፥ ፊቱን ያራቀ» ማለት ሲሆን፥ በ1611 በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፥ ይልቁንም በመጽሐፈ ምሳሌ፥ «ጠማማ» ለማለት ያገለግላል። በዚሁ መጽሐፍ ቅዱስ በኢዮብ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሰይጣን ከወዴት እንደ መጣ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ውስጥ «ቱ ኤንድ ፍሮ» የሚለው ሐረግ ይገኛል። በትንቢተ ዳንኤል መጨረሻ ደግሞ በዘመን ፍጻሜ ብዙዎች «ቱ ኤንድ ፍሮ» እንደሚሮጡና ዕውቀት እንደሚበዛ ተጽፎአል። የአማርኛው ትርጕም በዚህ በሁለተኛው ስፍራ ስለ ሩጫ ፈጽሞ አያነሣም፤ «መረመረ» በሚለው ግስ ይጠቀማል። ስለዚህ መመላለስ በአንዱ ስፍራ የክፉ መንፈስ ሥራ፥ በሌላው ስፍራ የዕውቀት ፍለጋ ሆኖ እናገኘዋለን። እንቅስቃሴው አንድ ነው፤ የተለየው የሚንቀሳቀሰው ማን መሆኑና የሚፈርደው ማን መሆኑ ነው።

2. የእኛ ሐረግ

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። «ወዲህ» ማለት «ወደ እዚህ» ነው፤ «ወዲያ» ማለትም «ወደ እዚያ» ነው። በሐረጋችን ውስጥ «ከ» የሚል ነገር የለም፤ ሁለቱም «ወደ» ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት «እዚህ» የሚለው ተናጋሪው የቆመበት ስፍራ መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ የዚህ ሐረግ እውነተኛ ጓደኛ «ቱ ኤንድ ፍሮ» ሳይሆን፥ ከጥንት ጀምሮ የነበረው «ሂዘር ኤንድ ዚዘር» የሚለው ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ አይደለም። «ወደና ከ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ መለኪያውን ከተጓዡ ቦታ ላይ ያደርጋል። «ወዲህና ወዲያ» የሚለው ሐረጋችን ግን መለኪያውን ከተመልካቹ እግር ሥር ያኖራል። አንድ ሰው «እነዚያ ወዲያና ወዲህ ይላሉ» ሲል፥ ስለ እነርሱ ከተናገረው ይልቅ ራሱ የት እንደ ቆመ ተናግሮአል። ከዚህም የተነሣ ሐረጉ በጊዜ ብዛት የመባከንን ትርጕም ይዞአል፤ «ወዲያ ወዲህ አትበል» ስንል «አርፈህ ተቀመጥ፥ ሐሳብህን ሰብስብ» ማለታችን ነው።

በግእዝ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ግእዝ «ለፌ ወለፌ» ይላል። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ደገመው እንጂ ለቅርቡና ለሩቁ ልዩ ልዩ ስም አልሰጠም። በዚህ አነጋገር ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው፤ አንዱ ቤት፥ ሌላው ውጭ አልተባለም።

አማርኛችንም ቢሆን የተሻለ ቃል አላጣም። «መለሰ» ከሚለው ግስ «ተመላለሰ» የሚል ግስ አውጥተናል። የዚህ ቃል ልቡ መመለስ ነው። የሸማኔ መወርወሪያ በድሩ መካከል ይመላለሳል እንጂ ባከነ አይባልም፤ ከመመላለሱ ሸማ ይወጣልና።

3. የሙርሲዎች ዓመት

የቃላቱን ነገር በምድር ላይ ለመፈተን ከጂንካ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩትን ሙርሲዎችን እንውሰድ። በ2007ቱ የሕዝብ ቈጠራ ቍጥራቸው 7,500 ያህል ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ዓመት ያጠናቸው እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዴቪድ ተርተን ስለ እነርሱ በ1979 ያሳተመውን አንድ ጥናት «ጉዞ ፈጠራቸው» በሚል ርእስ ሰይሞታል። ርእሱ ራሱ ለዚህ ጽሑፍ ምስክር ሊሆን ይችላል።

የሙርሲዎች ኑሮ በሦስት ነገር የቆመ ነበር። የመጀመሪያው ዝናም ጠብቆ የሚዘራው እርሻ ነው። የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናም ሲጥል ከቍጥቋጦው ተመንጥሮ በተዘጋጀው መሬት ማሽላ ይዘራሉ፤ በሰኔና በሐምሌ ገደማ ያጭዳሉ። ሁለተኛው የወንዝ ዳር እርሻ ነው። ኦሞ በደጋው ክረምት ምክንያት በነሐሴ ይሞላል፤ ሙላቱ ሲሸሽ በዳርቻው ላይ ለም ደለል ጥሎ ይሄዳል። በጥቅምትና በኅዳር በዚያ እርጥብ ደለል ላይ ይዘራሉ፤ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያጭዳሉ። ሦስተኛው ከብት ነው። በወንዙ አጠገብ ባለው ጫካ ቆላ ዝንብ ስላለና በእርሱም የሚተላለፈው በሽታ ከብት ስለሚፈጅ፥ ከብቱ በምሥራቅ በኩል ባለው ሣራማ ሜዳ ይቈያል። ስለዚህ በዓመቱ ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ከከብቱ ጋራ ሲሆኑ፥ ሴቶችና ልጆች ከእህሉ ዘንድ ይገኛሉ።

ይህን አካሄድ «ወዲያና ወዲህ ማለት» ልንለው እንችላለንን? እያንዳንዱ ጉዞ ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱ ቦታም ወር አለው። በነሐሴ ወንዝ ዳር ሰው ባይታይ፥ መሬቱ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ውኃው ተራውን ይዞ ነው። በኅዳር ደግሞ ያ መሬት ራሱ የቤተ ሰቡ ጎተራ ይሆናል። በዚህ ኑሮ «ቤት» የሚባለው አንድ ነጥብ ሳይሆን መንገዱ በሙሉ ነው። «ለፌ ወለፌ» የሚለው የግእዝ ሐረግ ከአማርኛው ይልቅ ይስማማዋል።

ዳሩ ግን ነገሩን ከልክ በላይ ማሳመር አይገባንም። ጉዞው እንደ ሰዓት አልነበረም፤ ድርቅ፥ የከብት በሽታና ከጎረቤት ጋራ የሚነሣ ጠብ ያዛባው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅና ረኃብ ሙርሲዎችን ክፉኛ ጐድቶአቸዋል፤ ከዚያም በኋላ፥ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ማጎ ሸለቆ ሄደው በዚያው ቀርተዋል። እንግዲህ የማይመለስም ጉዞ አለ። ቢሆንም አንዱ ጉዞ ሳይመለስ መቅረቱ የሚታወቀው ሌሎቹ የሚመለሱ በመሆናቸው ነው።

4. ስለ ስሞቹ

«ዘላን» የሚለው ቃል ስለ ሥራ አይናገርም። ጆሮአችን «ዘለለ» ከሚለው ግስ ጋራ ያዛምደዋል፤ ከቦታ ቦታ የሚዘል፥ የትም የማይረግጥ ሰው በዓይናችን ፊት ይመጣል። በከተማ ደግሞ ቃሉ ስድብ ሆኖ ያገለግላል። የሚያስገርመው፥ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 እነዚህ ሰዎች የግጦሽና የእርሻ መሬት በነጻ እንዲያገኙና ከመሬታቸው እንዳይፈናቀሉ መብት ሲሰጣቸው፥ የጠራቸው በዚሁ «ዘላኖች» በሚለው ስም ነው። አንቀጹ መሬት አላቸው ይላል፤ ስሙ ግን መሬት የላቸውም የሚል ይመስላል። ሕጉን የሚያነብ ሹም ከሁለቱ የትኛውን ይሰማል?

ከዚያ ወዲህ «አርብቶ አደር» የሚለው ስም እየሰፋ ሄዶአል። ይህ በእርግጥ የተሻለ ነው። «አርሶ አደር» በሚለው ልክ የተሠራ ስለ ሆነ ከብት አርቢውን ከገበሬው ጐን እኩል ያስቀምጠዋል፤ «አደረ» የሚለውም ግስ ቢያንስ የሌሊት ማረፊያ ይሰጠዋል። ነገር ግን ለሙርሲ፥ ለኛንጋቶምና ለዳሰነች ስሙ ጐደሎ ነው፤ ማሽላቸውን ይረሳልና። ሙርሲዎች ልባቸው ከከብቱ ጋራ ቢሆንም፥ ከሚበሉት አብዛኛው እህል ነው። ይህን ለማረም «ከፊል አርብቶ አደር» ይባላል፤ ነገር ግን ሁለት ሙሉ ሥራ የሚሠራን ሰው «ከፊል» ማለት ሒሳቡን መገልበጥ ይመስለናል።

ለመሆኑ የሚዞር ሰው ሁሉ ዘላን ይባላልን? አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1520ዎቹ የዐፄ ልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያገኘው በድንኳን ሲጓዝ ነው። ነገሥታቱ ሰፈር እየለወጡ ብዙ ዘመን ገዝተዋል። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው የመጣ ሆኖ፥ በጥንት የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ምኒልክም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፥ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ወርደዋል። ነገር ግን «ንጉሡ ዘላን ነው» ያለ የለም፤ «ከተመ» ተባለ እንጂ። ንጉሥ ሲሄድ ይከትማል፥ እረኛ ሲሄድ ይዘላል ማለት የቋንቋ ሕግ ሳይሆን የማዕርግ ሕግ ነው።

5. ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ስም ቢለወጥ ምን ይጠቅማል? እነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ቤትና ሐኪም ነው፤ የሚዞርን ሰው ደግሞ መንግሥት ሊያገኘው አይችልም» ይሉ ይሆናል። የጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል እውነት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ይህን ጽሑፍ ያስነሣው ስሕተት ራሱ ነው። የሚባክን ሰው በእውነት አይገኝም። የሚመላለስ ሰው ግን በየትኛው ወር የት እንዳለ ስለሚታወቅ ይገኛል። የሙርሲን ዓመት የሚያውቅ አስተማሪ በኅዳር ልጆቹን ከወንዙ ዳር አያጣቸውም። የሚጐድለው የልጆቹ መቀመጥ ሳይሆን የእኛ የቀን መቍጠሪያ ማወቅ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም በ2011 ያጸደቀው ስለ ከብት አርቢዎች የወጣ የፖሊሲ መርሕ መንቀሳቀስን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ብልሃት ቈጥሮታል።

የቃሉ ዋጋ ይልቁንም በመሬት ላይ ይታያል። የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ በ1966፥ የማጎም ከዚያ በኋላ ሲከለሉ፥ በኋላም በ2011 የኩራዝ ስኳር ልማት ሲጀመር፥ ከብት የሚሰማራበትና እህል የሚዘራበት ምድር ለሌላ ሥራ ተመደበ። ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በ2015 ውኃ መያዝ ጀምሮ በ2016 መጨረሻ ተመረቀ። ለአገሪቱ የሰጠውን የኤሌክትሪክ ኃይል ማንም አይክድም። ነገር ግን በየዓመቱ በነሐሴ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣ የነበረው የኦሞ ሙላት እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ፤ በእርሱም ላይ የቆመው የኅዳር እርሻ መሠረቱን አጣ። ከሦስቱ እግር አንዱ ተነቀለ ማለት ነው። ይህ ጉዳት በዕቅድ ጊዜ በሚገባ ያልታየው፥ ሕዝቡ «ወዲያና ወዲህ የሚል» ከሆነ ከዚህ ተነሥቶ ወደዚያ ቢሄድ ምንም አያጣም ከሚል አስተሳሰብም የተነሣ ይመስለናል። የሚባክን ሰው አንድ ቦታ ቢከለከል ሌላ ያገኛል። የሚመላለስ ሰው ግን አንዱ ጫፍ ሲቈረጥበት መንገዱ በሙሉ ይሞታል፤ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄድበትም ምክንያት ይጐድላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ስለ ደቡብ ኦሞ የምንጽፍ ተማሪዎች «ወዲያና ወዲህ» የሚለውን ሐረግ ትተን «ተመላለሰ» በሚለው እንጠቀም። «ዘላን» የሚለውን ስም ከመጻፋችን በፊት ሰውዬው በዓመቱ ወራት የት የት እንደሚውል እንጠይቅ። ሦስተኛም፥ «እዚህ» ስንል የማን እዚህ እንደ ሆነ እንመርምር። ከጂንካ ጠዋት በመኪና ወደ ማጎ ወርዶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ከሰዓት በኋላ የሚመለሰውን እንግዳ ከሙርሲ መንደር ሆኖ ለሚያየው ሰው፥ ወዲያና ወዲህ የሚለው ማን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።