«ነጭ ነጥብ» የየትኛው ውኃ ነው? ስለ ዓሣ ጥገኞች ሥያሜ የቀረበ ሂስ

በኮራል ገንዳ የሚያዙ የጨው ውኃ ዓሦች በጥገኛ ሲለከፉ እንዴት እንደሚመረመሩና እንደሚታከሙ የሚያስረዳ አንድ የእንግሊዝኛ መምሪያ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ረቂቁ ከነቃላት ዝርዝሩ ለአስተያየት ቀርቦልናል። ተርጓሚው የአምቦ አካባቢ ተወላጅ ስለሆኑ፣ ከምዕራብ ሸዋ ነዋሪ አንደበት የቀዷቸው ቃላት በዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል፤ ምሳሌዎቻቸውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ከሐሮ ወንጪ ነው። ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ዓሣ ሕመም ለምን ይደክማል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የዓሣ ሕመም በሐይቆቿም በወንዞቿም ስላለ፣ ለአንዱ የሚወጣው ቃል ለሌላውም ሊያገለግል ይችላል። ይሁንና የረቂቁ ችግር የሚጀምረው አንድ ቃል ሳይመረመር ለሁለቱም ያገለግላል ተብሎ ከተወሰደበት ስፍራ ነው።

አስቀድመን ስለ «ጥገኛ» እና ስለ «ተውሳክ» ጥቂት እንበል። ረቂቁ ሁለቱን እያፈራረቀ፣ አልፎ አልፎም «ጥገኛ ተውሳክ» እያለ አጣምሮ ይጠቀምባቸዋል። «ተውሳክ» ከግዕዙ «ወሰከ» የወጣ ሲሆን ጥንተ ፍችው ጭማሪ ነው። በባሕረ ሐሳብ ለዕለታትና ለአጽዋማት የሚደመረው ቍጥር ተውሳክ ይባላል፤ በሰዋስውም «ተውሳከ ግሥ» እንላለን። በጤና አጠባበቅ ጽሑፎች ግን ቃሉ ትልንም ባክቴሪያንም በጅምላ ስለሚያጠቃልል፣ ለሙያ ቃልነት ልል ሆኗል። «ጥገኛ» ግን ከ«ተጠጋ» የመጣ ስለሆነ ግንኙነቱን ራሱን ይናገራል፤ የተጠጋ ካለ ያስጠጋ አለና «አስጠጊ» የሚለውን ጥንድ ቃል ያለ ድካም ያስገኛል። ረቂቁ በ«አስጠጊ» ፈንታ «ተሸካሚ» ማለቱን አልደገፍነውም፤ ተሸካሚ የሚባለው ሳይታመም ሕመም የሚያስተላልፍ ጭምር ነውና። በኦሮምኛ ጥገኛው «መጠንቱ» መባሉን፣ ይኸውም ከመጣበቅ የተገኘ መሆኑን ተርጓሚው በማስታወሻ ማመልከታቸው ግን ያስመሰግናቸዋል። መጠጋትና መጣበቅ ጎረቤት ሐሳቦች ናቸው።

ተርጓሚው ስለ አሰያየም ያላቸውን እምነት በመቅድማቸው የሚገልጹት በኮሶ ነው፤ ምሳሌው ያማረ ስለሆነ እንቆይበት። ኮሶ በወንጪ ደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ በኦሮምኛ «ሔጦ» ይባላል። የእንስቲቱ ዛፍ አበባ ተወቅጦና ተበጥብጦ ሲጠጣ፣ በጥሬ ሥጋ የመጣውን የአንጀት ትል ያስወጣል። በአማርኛ ዛፉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ፣ ትሉም ኮሶ ነው። «ኮሶ ታየበት» ስንል ሕመሙን፣ «ኮሶ ጠጣ» ስንል ፈውሱን እንናገራለን። እንግዲህ ሕመሙን በስም የለየ ሰው መድኃኒቱንም በዚያው ለይቷል። ተርጓሚው ከዚህ ተነሥተው የበሽታ ስም ሁሉ ሕዝቡ በዓይኑ ካየው ነገር ይውጣ፣ ፈውሱም ከስሙ ሥር ይጻፍ ይላሉ።

በበኩላችን ይህ አሰያየም የሚሠራው ለአንድ ስም አንድ ትል፣ ለአንድ ትልም የታወቀ መድኃኒት ሲኖር ነው እንላለን። ረቂቁ ራሱ ሊጉላ የተባለውን ረጅም ጠፍጣፋ ትል «የዓሣ ኮሶ» ብሎታል። ሊጉላ በጣና ሐይቅ ትንንሽ ባርበሶች ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገኛል፤ ጎልምሶ እንቁላል የሚጥለው ግን ዓሣ በሚበሉ ወፎች አንጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዓሣው ለሊጉላ መሸጋገሪያ እንጂ፣ ሰው ለኮሶ እንደሆነው ያለ የመጨረሻ አስጠጊ አይደለም። «የዓሣ ኮሶ» የሚለውን ስም በገበያ የሰማ ሰው ግን ዓሣ ብበላ ኮሶ ይይዘኛል ማለቱ አይቀርም። «ሊጉላ» እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ረቂቁ «ነጭ ነጥብ» በሚል አንድ ርእስ ሥር ሁለት ፍጡራን አስገብቷል። አንደኛው ጨው በሌለው ውኃ የሚኖረው ኢክትዮፍቲሪየስ ሙልቲፊሊስ ነው። ፉኬ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ይህ ስም ቃል በቃል ሲፈታ «ልጆቹ የበዙ የዓሣ ቅማል» ማለት ነው፤ ፍጡሩ ግን ባለ አንድ ሕዋስ እንጂ ቅማል አይደለም። (የሳይንስ ስምም ይስታል። ሥርወ ቃሉን ተከትሎ «ቅማል» የሚል ተርጓሚ፣ ከሸርጣን ወገን ከሆነው ከአርጉለስ ጋር ያምታታዋል፤ የዓሣ ቅማል መባል የሚገባው ያ ነው።) ሁለተኛው ብራውን በ1951 እ.ኤ.አ. የሰየመው፣ በጨው ውኃ የሚኖረው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ ነው። ሁለቱም በዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጥብ ያወጣሉ፤ በዘር ግን የተራራቁ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የፊተኛው ፍሬ ሕዋስ የፈረስ ኮቴ ብረት ይመስላል፤ የኋለኛው በአራት የተከፈለና በቀላሉ የማይታይ ነው፤ «ስውር ፍሬ» የሚል ትርጕም ያለው ስሙም ይህንኑ ይናገራል።

ረቂቁ ከርእሱ ግርጌ «ውኃው ላይ ጨው ይጨመር» ሲል ያዝዛል። ትእዛዙ ለጨው አልባ ውኃ ዓሣ ደኅና ነው። ለባሕር ዓሣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥገኛው ራሱ የጨው ውኃ ፍጡር ስለሆነ የሚጎዳው ጨው ሲቀነስበት ነው። በሊትር 35 ግራም ገደማ የሆነው የባሕር ውኃ ጨው ወደ 15 ግራም ገደማ ዝቅ ተደርጎ ለሳምንታት ይቆያል። ሌላው ሕክምና በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም የሚደርስ ነጻ መዳብ ነው፤ እርሱም መለኪያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱም ኮራልን ስለሚገድሉ፣ ዓሣው ወደ ሌላ ገንዳ ሳይዛወር አይሞከሩም። ረቂቁን አምኖ በባሕር ገንዳ ላይ ጨው የጨመረ ሰው፣ ጥገኛውን ሳይነካ ስንጥቡ የተጎዳውን ዓሣ ይባስ ያደክማል። ስሙ በዓይን የሚታየውን ምልክት እንጂ ሕመም አምጪውን ስላልለየ፣ ከሥሩ የተጻፈው ትእዛዝ ወደ ተሳሳተው ገንዳ ሄዷል። የእንግሊዝኛው ተናጋሪም በአዘቦት ንግግሩ ሁለቱን በአንድ አጭር ስም ይጠራል፤ ይህ ግን ለመዝገበ ቃላት ምክንያት አይሆንም።

መፍትሔው «የባሕር ነጭ ነጥብ» ማለት ይመስላል። ነገር ግን በአማርኛ «ባሕር» የጨው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ባሕር ዳር የተቆረቆረችው ጨው በሌለው ጣና ዳር ነው። ተርጓሚው ይህን ስላስተዋሉ ከአገራቸው ቋንቋ ረድኤት ፈልገዋል። በኦሮምኛ «ሐሮ» ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ «ሐሮ ወንጪ ሐይቅ» የሚሉ ሁለት ጊዜ ሐይቅ እንደሚሉ ይወቁት። «ሆራ» ግን እንደ አምቦው ያለ፣ ማዕድን ያዘለና ከብት የሚጠጣው ውኃ ነው። አንደኛው ቃል ስፍራውን፣ ሁለተኛው ውኃው የያዘውን ይናገራል። ተርጓሚው «ሆራ»ን ለባሕር ውኃ ለመስጠት ያቀረቡት ሐሳብ ብልኀት ቢኖረውም፣ የአምቦ ሰው ሆራ ሲባል የባሕር ውኃ አይታየውምና አልተቀበልነውም። «የጨው ውኃ ነጭ ነጥብ» እና «የጨው አልባ ውኃ ነጭ ነጥብ» እንዲባሉ፣ ሕክምናቸውም በተለያየ ርእስ ሥር እንዲጻፍ እናሳስባለን።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ስሕተት ይታረም። ጠፍጣፋ ትል በቆዳው ላይ የተጣበቀበት የባሕር ዓሣ፣ ሙቀቱና የአሲድ መጠኑ በተስተካከለ ጨው አልባ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል። ረቂቁ «በንጹሕ ውኃ ይነከር» ይላል። ንጹሕ የቆሻሻ እንጂ የጨው ተቃራኒ አይደለም፤ የጠራ የባሕር ውኃም ንጹሕ ነው። በረቂቁ «ማግለያ ገንዳ» የተባለውንም በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ ሕዝብ በለመደው ቃል «ለይቶ ማቆያ ገንዳ» እንበለው።

በመጨረሻ የቀረው የክሪፕቶካርዮን የሕይወት ደረጃዎች ስም ነው። በዓሣው ቆዳ ሥር ለቀናት የሚመገበውን «በላተኛ»፣ ወርዶ ገንዳው ወለል ላይ የሚቋጠረውን «ቋጠሮ» ማለታቸውን ወደናል። ከቋጠሮው ወጥቶ አስጠጊ ፍለጋ የሚዋኘውን ግን ግሪክኛውን ተከትለው «አዳኝ» ብለውታል፤ መዳብ የሚገድለው ይህንን ደረጃ ነው። በዚህም የተነሣ በረቂቁ ውስጥ «አዳኙ በመድኃኒቱ ይሞታል» የሚል ዐረፍተ ነገር እናነባለን። አውሬ የሚያድነው በዐይኑ «ዐ»፣ ከሞት የሚያድነው በአልፋው «አ» ይጻፍ ቢባልም፣ በዛሬው ጽሕፈት ይህን የሚጠብቅ ጥቂት ነው፤ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛው ፍች ቀድሞ ይመጣል። በፈንታው «ቀላዋጭ» የሚል ቃል አቅርበናል፤ ፍጡሩ የሰው ማዕድ ፈልጎ እንደሚዞር ሰው አስጠጊ ፍለጋ የሚዞር፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኘም የሚሞት ነውና። ከመካከላችን ቃሉ ለመዝገብ ክብር አይመጥንም ያሉ ስላሉ፣ ለጊዜው የጥያቄ ምልክት ተደርጎበት በዝርዝሩ እንዲቆይና የአንባቢያን አስተያየት እንዲጠየቅበት ተስማምተናል።