የዳንቴል ውበትና የሂስ ዝምታ

ኪነ ጥበብ ከሰው ልጅ ሥራና ኑሮ ይመነጫል ማለት ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆኖናል። በየመድረኩ ተናግረነዋል፤ በየመጽሔቱም ጽፈነዋል። ይሁን እንጂ በቃል የተቀበልነውን ሐሳብ በተግባር ስንፈትነው፣ ሂሳችን ከመድረኩ፣ ከሸራውና ከታተመው ገጽ አልፎ ሲሄድ አይታይም። ከነቀምት እስከ ጊምቢ፣ ከአርጆ እስከ ጊዳ አያና ወደ አንድ ቤት የገባ እንግዳ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፍበት የጥበብ ሥራ በሶፋው መደገፊያ፣ በብፌው ውስጥ፣ በቴሌቪዥኑ ላይና በረከቦቱ ሥር የተነጠፈው ዳንቴል ነው። እኛ የብዕር ሰዎች ስለ እርሱ የምንለው ነገር ቢኖር “ያምራል” የምትለዋን አንዲት ቃል ነው። ከዚያም ስኒያችንን እናስቀምጥበታለን።

ይህ ዝምታ ከሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች የሚመነጭ ይመስለኛል። አንደኛው የእጅ ሥራን በገበያ ዋጋው ብቻ ይመዝናል። በዚህ አመለካከት ዳንቴልና ሹራብ የሚነሡት የገቢ ማስገኛ ወይም የባዛር ሸቀጥ ሲሆኑ ነው። በትርፍ ጊዜ፣ ለሠሪዋ ደስታና ለቤቷ ውበት የሚሠራው ከቁጥር አይገባም፤ አልፎ አልፎም የሥራ ፈት ሥራ ይባላል። ሁለተኛው አመለካከት በባህል ጥበቃ ስም የሚቀርብ ነው። ሽመናና የስንደዶ ስፌት የራሳችን ናቸው፤ ዳንቴል ግን ከውጭ የመጣ ስለሆነ የሕዝብ ጥበብ ሊባል አይገባም ይላል። የፊተኛው ዋጋውን ሲቆጥር ውበቱ ያመልጠዋል፤ የኋለኛው ምንጩን ሲፈልግ ከዚያ ወዲህ የተጓዘውን መንገድ ይረሳል።

እርግጥ ነው፤ ስሞቹ ራሳቸው መጤነታቸውን ይመሰክራሉ። ዳንቴል በፈረንሳይኛ ትንንሽ ጥርስ ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ኪሮሽም በዚያው ቋንቋ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በአገራችን በዘመናዊ የሴት ልጆች ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራ ከፊደልና ከሒሳብ ጎን ይሰጥ ነበር፤ በ1931 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ነገር ግን መጤ ሁሉ ባዕድ ሆኖ አይቀርም። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አየርላንድ የድንች ሰብሏ በበሽታ ጠፍቶ በረኃብ ስትመታ፣ መነኮሳይያትና ሌሎች አስተማሪዎች ለድሆቹ ሴቶች የኪሮሽ ሥራ አስተማሩ። ሴቶቹ የተማሩት የቬኒስን ውድ ዳንቴል በቀላል መሣሪያ አስመስለው ለመሥራት ነበር። እየቆየ ግን ጽጌረዳውን፣ ሻምሮክ የተባለውን የአገራቸውን ባለ ሦስት ቅጠል ተክል እያስገቡበት የራሳቸው አደረጉት፤ ዛሬ የአየርላንድ ኪሮሽ ተብሎ በዓለም ይታወቃል። ማስመሰል የነበረው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ወግ ሆነ።

ዳንቴልን ለመዳኘት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሹራብ በሁለት መሥሪያ ሲሠራ የአንድ ረድፍ ቀለበቶች ሁሉ በመሥሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ አንዷ ካመለጠች እየተፈታች ወደ ታች ትወርዳለች። በተለመደው የኪሮሽ ሥራ ግን ሠሪዋ እጇን ስታሳርፍ ክፍት ሆና የምትቀረው ቀለበት አንዲት ብቻ ናት። ሠሪዋ ያችን ቀለበት ሳብ አድርጋ አስፍታ ትተዋትና ልጅ ታነሣለች፤ ጀበና ታወርዳለች፤ እንግዳ ትቀበላለች። ስትመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በየጊዜው ለሚቋረጥ ኑሮ የተስማማ አሠራር ነው። ይዘትና ቅርጽ መስማማት አለባቸው እያልን በየጉባኤው ለምንከራከር ለእኛ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ሌላው ባሕርይው መተርተሩ ነው። እንጨት ጠራቢ የፈለጠውን አይመልስም። ዳንቴል ግን ክሩ ሲሳብ እስከ መጀመሪያው ሰንሰለት ድረስ ይፈታል፤ ክሩም እንደነበረ ይቀራል። በሆሜር ኦዲሴይ ውስጥ ጴኔሎፔ ቀን የሸመነችውን ሌሊት ትፈታ ነበር። የእርሷ መፍታት ግን በምስጢር፣ ሊያገቧት የመጡትን ሰዎች ለማታለል ነበር። በወለጋ ከተሞች ያየሁት መተርተር በቡና ላይ፣ በጎረቤት ፊት የሚደረግ ነው።

ከነቀምት ወደ ሰሜን፣ የአንገርን ሸለቆ ተሻግሮ በሚገኘው በጊዳ አያና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእንዲህ ዓይነቱ የቡና ጉባኤ ተቀምጬ ነበር። ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ አምስቱ በእጃቸው ክር ይዘዋል። የቤቱ እመቤት የጀመሩትን ክብ ዳንቴል ለጎረቤታቸው አቀበሏት። ጎረቤቲቱ ለማድነቅ አልቸኮለችም። በጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ ቀጥላም “አዴ፣ እዚህ ላይ ቁጥሩ አምልጦዎታል፤ ጠርዙ የተኮማተረው ለዚህ ነው” አለች። እመቤቲቱ “አራት ዙር ሠርቼበት!” ብለው ሳቁና ክሩን ሳቡት። አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ አራቱ ዙር ተተረተረ። ያኮረፈ ሰው አልነበረም። ከወጣቶቹ አንዷን ለሽያጭ ነው የምትሠሩት ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ “አይ ጋሼ፣ እጄ ባዶ ከሆነ ወሬውም አይጥመኝም” አለችኝ።

በዚያ ከሰዓት በኋላ በሥነ ጽሑፍ ጉባኤዎቻችን የምንመኘውን ሂስ በተግባር አየሁ። ስሕተቱ በስሙ ተጠራ፤ ምክንያቱ ተነገረ፤ ሠሪዋ ታረሙ፤ ወዳጅነቱም አልደፈረሰም። ደስታውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ብቻዋን ተቀምጣ የምትሠራ ሴት ክር ትጨርሳለች፤ በጉባኤው የምትሠራዋ ግን አዲስ ቁጥር ተቀብላ፣ የራሷን ሰጥታ ትሄዳለች። ናሙና ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው፤ በዚህ ጥበብ ዘንድ ኅትመት ማለትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንድ ሥራ ልመለስ። በእመቤቲቱ ቤት ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ነጭ የዳንቴል ልብስ ተዘርግቷል። አበባ አበባው ለየብቻ ተሠርቶ የተገጣጠመ ነው። ታሪኩ ከአካባቢው ታሪክ አይለይም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች በመንግሥት ሠፈራ የመጡ ቤተሰቦች በአንገር ጉቲን አካባቢ ሠፍረው ነበር። ልጆቻቸው ከነባሩ ሕዝብ ልጆች ጋር አደጉ፤ ሴቶቹም በአንድ ቡና ዙሪያ አንዷ “አዴ” ሌላዋ “እትዬ” እየተባባሉ ኖሩ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ በተከሠተው ግጭት ግን ከጊዳ አያናና ከኪረሙ ከልዩ ልዩ ወገን ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። የጠረጴዛውን ልብስ እመቤቲቱና ጎረቤታቸው እኩል ተካፍለው ጀምረውት ነበር። ጎረቤቲቱ ከሄዱት አንዷ ናቸው። የሠሯቸው አበቦች በፌስታል ታስረው ከዚህ ቤት ቀሩ፤ እመቤቲቱ የራሳቸውን ድርሻ ጨርሰው ሁለቱን አገናኟቸው።

በሙያው ሕግ ስናየው ሥራው ጉድለት አለበት። የእመቤቲቱ እጅ ጠበቅ ያለ ነው፤ አበቦቻቸው ትንንሽና ጠንካራ ናቸው። የጎረቤታቸው እጅ ላላ ያለ ስለሆነ አበቦቹ ሰፋ ብለው ይተኛሉ። ሁለቱ በተገናኙበት መስመር ጨርቁ ይሞገጋል፤ ስታርችም አላቃናውም። የቡናው ባልንጀሮች ይህን ለእመቤቲቱ ሳይደብቁ ነግረዋቸዋል፤ ክሩ እንዳለ ስለሆነ የላላውን ግማሽ ተርትረው በራሳቸው እጅ እንዲሠሩትም መክረዋል። የራሳቸውን አራት ዙር እየሳቁ የተረተሩት ሴት በዚህ ጊዜ እንቢ አሉ። “የእትዬን ልተርትር? ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ?” ነበር መልሳቸው።

እኔም ጉድለቱን ጉድለት ማለት ግዴታዬ ነው። ነገር ግን ቀረብ ብዬ ስቆጥር በሁለቱም በኩል እያንዳንዱ አበባ ስምንት ቅጠል፣ እያንዳንዱም ቅጠል አንድ ዓይነት ቁጥር ሆኖ አገኘሁት። ቁጥሩ የጋራ ነው፤ የተለየው እጁ ነው። ግጥም ለምንጽፍ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የወል ቤት ምጣኔ ለሁላችንም አንድ ሲሆን ድምፃችን ግን ይለያያል። የሞገገው መስመር የሠሪ ድካም ያመጣው አይደለም፤ በአንድ ቁጥር የተማሩ ሁለት እጆች የተገናኙበት ቦታ ነው። ያ ቢስተካከል ጨርቁ ይቃናል፤ የአንዷ ሴት ሥራ ግን ከዚህ ቤት ይጠፋል። ስለዚህ የእመቤቲቱን ፍርድ ከባልንጀሮቻቸው ፍርድ አስበልጣለሁ።

ሂስ ውዳሴ ብቻ እንዳይሆን የዘመኑን ዳንቴል ድካምም ማንሣት ይገባል። በብዙ ቤት የሚታየው ከስልክ ሥዕል እንዳለ የተገለበጠ ጽጌረዳና ዳክዬ ነው። ደማቅ ሰው ሠራሽ ክር ያለ ምርጫ ይቀላቀላል፤ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ መሸፈንም ልማድ ሆኗል። የአየርላንድ ሴቶች ያደረጉትን እኛ ገና አላደረግንም። መንገዱ ግን ሩቅ አይደለም። የስንደዶ ስፌት ከመካከሉ ተጀምሮ እየዞረ እንደሚሰፋ ሁሉ ክብ ዳንቴልም ከመካከሉ ተጀምሮ እየዞረ ያድጋል። የሰፌድንና የሞሶብን ጥለት በልቧ የያዘች ባለሙያ ያንኑ ቆጠራ ወደ ክሩ ብታሻግር፣ መጤና ነባር የሚለው ክርክር በእጇ ላይ መፍትሔ ያገኛል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አስቴር ጋኖ ያበረከተችው ድካም ለረጅም ጊዜ በኦነሲሞስ ነሲብ ስም ጥላ ሥር ቆይቷል። የሴቶችን ሥራ ያለ ስም ማስቀመጥ የቆየ በሽታችን ነው። በነቀምት በወለጋ ሙዚየም ከስፌቱና ከሽመናው ጎን ዳንቴሉም የሠሪዋ ስም፣ ከተማዋና ዓመቱ ተጽፎበት ቢታይ፣ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው መሥራቱን ብቻ ሳይሆን መዳኘቱን ቢያስተምሩ ታላቅ እርምጃ ነው። የመድረክ ዕቃ የምናዘጋጅ ሰዎችም የቤት ትዕይንት ስንሠራ ከገበያ የተገኘውን ጨርቅ ከመወርወራችን በፊት የማን እጅ እንደሆነ እንጠይቅ።

ከዚያ ቤት ልወጣ ስነሣ ስኒዬን ከጠረጴዛው መካከል፣ ከሞገገው መስመር ላይ አስቀመጥሁት። ትንሽ አዘነበለ። እመቤቲቱ ምንም ሳይሉ አነሡት፤ ወደ ጎን፣ ጠበቅ ወዳለው ወደ ራሳቸው አበባ አዛወሩት፤ የጎረቤታቸውንም አበባ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።