«የደም ምርመራ» የሚለው ስያሜ ስለ ከብት ቲቢ ሲነገር

የከብትን ቲቢ በደም ምርመራ ቀድሞ ስለ መለየት የሚናገሩ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ከቃላት አመራረጥ የተነሣ ሐሳባቸው ሲፋለስ አይተናል። ጉድለቱ የሰዋስው አይደለም፤ የስያሜ ነው።

በመጀመሪያ የበሽታውን ስም እንመልከት። «ሳንባ ነቀርሳ» ለሰው በሽታ የተለመደ ስም ነው። ወደ ከብት ሲሻገር ግን አርቢው «ሳምባ» ብሎ ከሚጠራው ሌላ ተላላፊ በሽታ ጋር ይደባለቃል። በሽታውም በሳንባ ብቻ አይወሰንም፤ በዕጢዎች፣ በአንጀትና በጡት ላይም ይገኛል። «ሳንባ»ን ትተን «ነቀርሳ» ብቻ እንበል ብንል ደግሞ፣ ጡቷ በቲቢ የተያዘች ላም «የጡት ነቀርሳ አለባት» ልንል ነው፤ ይህም ለአንባቢው ካንሰር ነው። ካንሰር ነው ያለ ሰው ደግሞ ወተቷን አፍልቶ መጠጣት እንደሚገባው አያስብም። አገር በቀል ቃል ማስቀደም ልማዳችን ቢሆንም፣ እዚህ ላይ «የከብት ቲቢ» ማለትን መርጠናል።

ዋናው ነቀፌታችን «የደም ምርመራ» በሚለው ላይ ነው። ይህ ስያሜ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውስትራልያ የተሠራው የኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራ ነው። ትኩስ ደም ከቱበርኩሊን ጋር ተቀላቅሎ ከ16 እስከ 24 ሰዓት በሙቀት ይቆያል። የደሙ ሕዋሳት ተሕዋሲውን ከዚያ በፊት ያውቁት እንደ ሆነ ኢንተርፌሮን ጋማ ያመነጫሉ፤ የሚለካውም እርሱ ነው። ምላሹ ከብቱ በተያዘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታያል። ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልግ ምርመራ ነው፤ ይህ ግን በከብት ቲቢ ባመዛኙ የሚበዛው ዘግይቶ፣ በሽታው ከበረታ በኋላ ነው። እንግዲህ «ቀድሞ መለየት» ለመጀመሪያው ተገቢ ሲሆን ለሁለተኛው እምብዛም አይስማማም። በዚህም ላይ ስያሜው ተሕዋሲው ራሱ በደም ውስጥ የሚፈለግ ያስመስላል፤ በሁለቱም አይፈለግም።

ለመሆኑ የቆዳው ምርመራ ከየትኛው ይመደባል? ቱበርኩሊን በቆዳ ውስጥ ተወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው ውፍረት ይለካል። የሚታየው የሕዋሳት ምላሽ ስለ ሆነ፣ ዘመዱ ኢንተርፌሮን ጋማ እንጂ ፀረ እንግዳ አካል አይደለም። ስለዚህ ክፍፍሉ «ቆዳ» እና «ደም» ሳይሆን «የሕዋስ ምላሽ ምርመራ» እና «የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ» ሊሆን ይገባል፤ ቆዳና ደም ከዚያ በታች ይግቡ። ረዘመ የሚሉን አይጠፉም፤ ከሚያሳስት አጭር ስም ግን ረጅሙ ይሻላል።

«ቅድመ ምርመራ» የሚለውም ከምርመራ በፊት የሚደረግ ነገር እንጂ ቀድሞ መለየትን አያመለክትም።

«አዎንታዊ ውጤት» ከሁሉ የከፋ ነው። ከ1970 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. አውስትራልያ ባካሄደችው የማጥፊያ ዘመቻ፣ በምርመራ የተገኘበት ከብት ይታረድ ነበር። ላሙ የምትታረድበት አርቢ «ውጤቱ አዎንታዊ ነው» ቢባል፣ ተመስገን ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። «ተገኝቶባታል» ይባል።