ለሣር የሚበጅ ጥርስ

ግጦሽ ሲባል ቶሎ የሚታየን የተራቆተ መሬት ነው። ካንሳስ ውስጥ በኮንዛ ፕሬይሪ የምርምር ጣቢያ የታየው ግን ሌላ ነው። ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ በሚግጥባቸው መስኮች የአገር በቀል ዕፅዋት ዓይነት ግጦሽ ካልነካቸው በእጥፍ ገደማ በልጦ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆኗል፤ የቀንድ ከብትም በመጠኑ ረድቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቢግ ብሉስቴም የተባለው ሣር ካልተነካ የሰው ቁመት አልፎ ብርሃኑን ለብቻው ይይዛል። ጎሹ አብዝቶ የሚበላው ሣሩን ነው፤ አበባ የሚያወጡትን ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፅዋት በአመዛኙ ያልፋቸዋል። ሣሩም በዚህ አይሞትም፤ የማደጊያው ነጥብ አብዛኛውን የዕድገት ጊዜ ከመሬት ጠጋ ብሎ ስለሚቆይ፣ ሥሩም ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚጠልቅ፣ ጫፉ ቢቀነጠስ መልሶ ያቆጠቁጣል።

«ሜዳን የሚያጠፋው ግጦሽ አይደለም ወይ?» ለሚሉ፣ አዎ፣ ዕረፍት ከሌለው ያጠፋል። ቅጠሉ ሳያገግም ደጋግሞ የተጋጠ ሣር ሥሩ እየሳሳ ይሄዳል። አጨዳም እንዲሁ ነው፦ በጁላይ መጀመሪያ የታጨደው ከውርጭ በፊት ስንቁን በሥሩ ያከማቻል፤ ዘግይቶ የታጨደው ተዳክሞ ብርዱ ውስጥ ይገባል። «እንግዲያው አጥሮ መተው ይሻላል» የሚሉም የደረቀ ሣር ተከምሮ አዲሱን ቡቃያ እንደሚያፍን፣ ቁጥቋጦም ቦታውን እንደሚወርስ ሊያስቡ ይገባል። አድናቆት የሚገባው እንግዲህ መጠኑንና ጊዜውን ያወቀ ግጦሽ ነው፤ ከብቱንም ሜዳውንም አብሮ ያኖራልና።