ከአቃቂ እስከ ባቡሩ ስንት እርምጃ ነው?

እስቲ በቀላል ጥያቄ እንጀምር። የባቡር ጣቢያ ምን ይሠራል? «ሰው ያሳፍራል፣ ያወርዳል» ካላችሁ ግማሹን መልሳችኋል። ሌላውን ግማሽ ለማየት አቃቂ ቃሊቲ ጥሩ ቦታ ነው። በዚህ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍና በዙሪያው ሦስት የባቡር መስመሮች በተለያየ ዘመን ተዘርግተዋል። ሦስቱም ስለ ጣቢያ ያላቸው ሐሳብ የተለያየ ነው፤ እኔም በአንዱ ላይ ቅሬታ አለኝ።

ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ። ለመዲናዋ 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። አቃቂ በዚያ መሃል ሐዲዱ የሚያልቅባት ቦታ ነበረች ማለት ነው።

መስመሩ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሐዲዱ ደግሞ ነጠላ ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች እንዴት ይተላለፋሉ? ጣቢያ ላይ ብቻ። አንዱ ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ለምሳሌ ሁለት ጣቢያዎች በ20 ኪሎ ሜትር ቢራራቁና ባቡሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ አንዱ እስኪደርስ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላው ተነስቶ እስኪደርስ ሌላ 40 ደቂቃ ይፈጃል። መሃል ላይ አንድ ጣቢያ ብትጨምሩ መስመሩ የሚያስተናግደው ባቡር በእጥፍ ያድጋል። አንድም ሜትር አዲስ መንገድ ሳትሠሩ እኮ ነው! ስለዚህ ምንም ተሳፋሪ በሌለበት በረሃ ላይ ጣቢያ ብታዩ አትገረሙ፤ የተሠራው መጀመሪያ ለባቡሩ ነው። በእንፋሎት ዘመን ደግሞ ባቡሩ በየመንገዱ ውሃ መሙላት ነበረበት።

ለሰውስ? የዚያ ዘመን የመንገድ ላይ ጣቢያ ቅርጹ ቀላል ነው፤ ከሐዲዱ ጎን የተዘረጋ ረዘም ያለ ቤት፣ አንዱ በሩ ወደ ባቡሩ፣ ሌላው ወደ ከተማው። ከከተማው በኩል ያለውን ባዶ ቦታ የጣቢያው ደጅ ልበለው። ጋሪው የሚቆመው፣ ተሸካሚው የሚጠብቀው፣ ሻይ የሚፈላው እዚያ ነው። እንከን የለሽ አይደለም፤ ከሐዲዱ ማዶ የሚኖረው ሰው ሁልጊዜ ሐዲድ መሻገር አለበት። ግን ደጁ ከተማ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ ደጁን ለሰፈሩ ስም እስከ መስጠት ደርሷል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛው «ጣቢያው» የመጣ ነው። የአቃቂን የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችም ያለ ሐዲዱ፣ ያለ መንገዱና ያለ ወንዙ ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ወደ ቃሊቲ እንምጣ። ከምኒልክ አደባባይ የሚነሳው ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ሥራ ሲጀምር ደቡባዊ ጫፉ ቃሊቲ ሆነ። በዚህ በደቡብ በኩል ሐዲዱ በአብዛኛው የሚሄደው በሰፊው መንገድ መሃል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መሬቱ የመንገድ ስለሆነ ብዙ ቤት ማፍረስ አያስፈልግም። ውጤቱን ግን እዩት። የድሮው ጣቢያ የከተማውን ግማሽ ብቻ ሐዲድ ያሻግር ነበር። በመንገድ መሃል ያለ ጣቢያ ግን ከየትኛውም ወገን ብትመጡ፣ ሁላችሁንም ግማሽ መንገድ ያሻግራችኋል። ደጅም የለውም። ሚኒባሱ ዳር ይቆማል፣ ባቡሩ መሃል ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ የመኪና ነው። ጆንያ ለያዘች እናት ወይም በክራንች ለሚሄድ ሰው እነዚያ ጥቂት ሜትሮች ከመላው የባቡር ጉዞ ይከብዳሉ። ባቡሩ ራሱ አብዛኛው ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ለመሳፈር ደረጃ እንዳያስቸግር ታስቦበታል። ታዲያ ያ ሁሉ ጥንቃቄ በሩ ላይ ለምን አለቀ?

ሦስተኛው ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። በእኛ በኩል ያለው የእንዶዴ ጣቢያ ለጭነት ነው፤ ቦታውን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ኮንቴይነር መሃል ከተማ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ የሚፈልገው ሜዳ፣ ረጃጅም ሐዲድና ከባድ መኪና የሚያዞር ስፍራ ነው። የመንገደኛው ጣቢያ ግን ፉሪ ለቡ ነው፣ የከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር። ለዚህም የምህንድስና ሰበብ አለ። ባቡር ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል እንዳይጨምር፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመታጠፊያው ራዲየስ አራት እጥፍ መሆን አለበት። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታሰበ የመንገደኛ ባቡር በሰፈር መሃል እየተጠማዘዘ ለገሃር አይገባም።

እሺ፣ ይሁን። የሚያናድደኝ ግን ምን መሰላችሁ? የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ቀላል ባቡሩና የጅቡቲው ባቡር ግን ሁለቱም 1,435 ሚሊ ሜትር ናቸው። በእርግጥ ኤሌክትሪካቸው አይገጥምም፤ አንዱ በ750 ቮልት ዲሲ፣ ሌላው በ25 ሺህ ቮልት ኤሲ ይሠራል። ባቡሮቹ ሐዲድ ይጋሩ አላልኩም። ሰዎቹ ግን አንድ ደጅ ቢጋሩ የትኛው ቮልት ይከለክላል? ቀላል ባቡሩ ለቡ አይደርስም። የቃሊቲ ልጅ ድሬዳዋ ለመሄድ ከባቡር ወደ ባቡር በእግሩ አይሸጋገርም፤ መሃሉን በታክሲ ወይም በአውቶቡስ መሙላት አለበት።

አንድ ቀን ቀላል ባቡሩ ከቃሊቲ አልፎ አቃቂ ይድረስ ቢባል፣ ንድፉ ላይ መጀመሪያ የማየው የሐዲዱን መስመር አይሆንም፤ ሚኒባሱ የት እንደሚቆም ነው። እስከዚያው እናንተም ሞክሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ቃሊቲ ስትደርሱ ከታክሲው በር እስከ ባቡሩ በር እርምጃችሁን ቁጠሩ፤ ከነዚያ ስንቱን መኪና በሚሄድበት አስፋልት ላይ እንደረገጣችሁ ለብቻው ጻፉት።